የአደይ ለምለም አፍንጫ

ትናንት ከሰዓት ስልኩ ጮኸና እኔ አነሳሁት። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋልሽ የለ።

«ገማኝ» አለች አደይ ለምለም።

«ምኑ?»

«የልጄ ሻይ ቤት የጠረጴዛ መወልወያ ጨርቅ። እንዴት እንደሚገማ ልነግርሽ አልችልም። እንደ ጨርቅ ነው የሚገማው። ሽንኩርትና ሻይ ሲጠጣ ውሎ እርጥቡን እንዳደረ ጨርቅ። ገባሽ? እንደ ራሱ።»

ገባኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ግቢው መሃል መዝለል ጀመርኩ። እናቴ ሰፌዷን ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። አደይን ጨርቅ ገማት።»

እናቴ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠችና እዚያው ቁጭ አለች። «አልሐምዱሊላህ» አለች ቀስ ብላ፤ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ዘንድሮ ፊደል የጀመረችው ትንሿ እህቴ ነኢማ ግን አንዴ እናቴን አንዴ እኔን እያየች፣ «ጨርቅ ገማ ተብሎ ይለቀሳል እንዴ?» አለች።

ይለቀሳል። ለምን እንደሚለቀስ ልጻፈው። አማርኛ መምህራችን «አንቺ ልጅ መጻፍ ትችያለሽ» ካለኝ ወዲህ እጄ አርፎ አይቀመጥም፤ ደስ ሲለኝማ ጭራሽ። አስቀድሜ ግን ላስጠንቅቅ፤ ደስ ብሎኝ የምጽፈው ነገር አብዛኛው የሚያስጠላ ነው። ምራቅ አለበት፣ የከረመ ቅቤ አለበት፣ የሕፃን ካካ አለበት፤ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ሰው አለበት።

አደይ ለምለም ኮቦ ገበያ ላይ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። እናትና አባቷ ከአላማጣ ወዲያ ካለው አገር ቅቤ ጭነው ወርደው እዚሁ የቀሩ ሰዎች ናቸው። ሰው ሁሉ «አደይ» የሚላት ለዚህ ነው፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። እኔም እናቴን አንቺ እንደምላት እሷንም አንቺ ነው የምላት። ቤቷና ቤታችን በአንድ አጥር ነበር የሚዋሰነው። ረዥም ቀጭን ሴት ናት፤ አፍንጫዋ ከእሷ ቀድሞ ነው ቤት የሚገባው። ቅቤ ስትገዛ ሹል እንጨቷን መሃሉ ድረስ ሰክታ ታወጣና ዓይኗን ጨፍና አንዴ ብቻ አፍንጫዋ ስር ታሳልፈዋለች። የላይኛው ከንፈሯ ካልተነሳ ተገዛ። ከተነሳ «እፍ» ትላለች፤ አለቀ። ከዋጃና ከሮቢት ቅቤ ይዘው የሚመጡ ባላገር ሴቶች ያቺን «እፍ» ከዳኛ ፍርድ በላይ ይፈሯት ነበር። እሷ «እፍ» ያለችውን ቅቤ ያን ቀን ገበያው ውስጥ የሚነካው አይገኝም።

አፍንጫዋ ግን በቅቤ ብቻ አያቆምም። ጽዩፍ ነበረች። ሰርግም ሐዘንም ቤት የምትሄደው የራሷን ኩባያ በነጠላዋ ቋጥራ ነው። ንፍጡን ያዝረከረከ ሕፃን አምጥተው «ሳሚው እስቲ» ሲሏት፣ «እናቱ ትሳመው፤ የራሷ ስለሆነ አይቀፋትም» ትላለች። ሰፈሩ «አደይ እፍ» የሚል ስም አወጣላት። ታውቀዋለች፤ አትቀየምም። «እፍ የሚል ሰው ባይኖር ኖሮ ይሄ ከተማ ቅቤ ሳይሆን ሞራ ነበር የሚበላው» ትላለች። እንዲህም ትላለች፦ «ዓይን ይታለላል፣ ጆሮ ያዳላል፤ አፍንጫ ግን ይሉኝታ የለውም።»

እናቴ ነኢማን ስታረግዝ ከአደይ ጋር አዲስ ጨዋታ ጀመሩ። የእናቴ እርግዝና ቅቤ ጠላ። አደይ ከገበያ ስትመለስ ገና አጥሩ ጋ ሳትደርስ እናቴ አፍንጫዋን ይዛ፣ «እታለም፣ ከደጅ ቁሚ፤ ቅቤሽ ቀድሞሽ ገባ» ትላለች።

«አንቺ መዲና፣ እዚያ ሆድሽ ውስጥ ያለው የእኔ ዘመድ ነው። ጽዩፍ ነው።»

«ዘመድሽ ከሆነ ቅቤ ይወድ ነበር።»

«የእኔ ዘመድ ቅቤ ይሸጣል እንጂ አይወድም።»

እንዲህ እየተባባሉ አንዷ ደጅ አንዷ ውስጥ ሆነው ያመሻሉ። አባቴ ያኔ ከብት ሊገዛ አፋር ወርዶ ነበር፤ ኮሮና መጣ ተብሎ መንገድ ሲዘጋ እስኪከፈት እዚያው ቀረ። ትምህርት ቤትም ተዘጋ። የፊት ጭንብል ልበሱ ተባለ፤ ሰው ሁሉ አገጩ ስር አድርጎት ይዞር ነበር፤ አፉ ሳይሆን ጉሮሮው የታመመ ይመስል። አደይ ለምለም ያኔ ደስ ያላት ብቸኛ ሰው ነበረች ማለት ይቻላል። «የምኖርበትን ሕግ አደረጉት» ትል ነበር። እጅ አትጨባበጡ፣ በአንድ ኩባያ አትጠጡ፣ ሰው ፊት አትሳሉ። እሷ ይህን ስትል የኖረች ናት።

አሁን ወደ ምራቁ ልምጣ።

እኛ አገር ዱበርቲ የምንላቸው አሉ፤ ለዱዓ የሚሰበሰቡ ትልልቅ ሴቶች ናቸው። አንዲት እርጉዝ ወሯ ሲቃረብ ቤቷ መጥተው በሰላም እንድትገላገል ዱዓ ያደርጉላታል። እስላሟም ክርስቲያኗም ጎረቤት ትመጣለች፤ ሁሉም አሚን ይላል። ራሷን ቅቤ ይቀቧታል፣ አንድ ዋንጫ ወተት ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል፣ መጨረሻ ላይ እያንዳንዷ ተነስታ እርጉዟን ፊቷ ላይ እንትፍ እንትፍ ብላ ትመርቃለች። ልማዱን እወደዋለሁ፤ እኔም ሳረግዝ እንዲመጡልኝ እፈልጋለሁ። ያን ጊዜ ግን የመጡት ከነሳላቸው ነው።

በተለይ እመት ከድጃ። ከእኛ ቤት ሁለት በር አለፍ ብለው የሚኖሩ፣ ምርቃታቸው ይደርሳል የሚባሉ ሴት ናቸው። ዱዓውን የሚመሩት እሳቸው ሆነው በየመሃሉ ይስላሉ።

አደይ ለምለም በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና። «እመት ከድጃ፣ ይሄ ሳል ደህና ነው?» አለች።

«ጉንፋን ናት። ጉንፋን ዱዓ አትከለክልም።»

«ዱዓውን ማን ከለከለ። ምርቃቱን በደረቁ ያድርጉት ነው የምለው።»

ሴቶቹ ሳቁ። «የደረቀ ምርቃት የት አገር ነው ያለው?» አለች አንዷ።

«አላህ ርቀት አይከለክለውም» አለች አደይ። «ከዚህ ከደጅ ሆናችሁ ብትመርቁም ይሰማል።»

«አንቺ እኮ ገነት ብትገቢም በሩ ላይ አፍንጫሽን ትይዣለሽ» አሏት እመት ከድጃ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ተነሱ፤ የእናቴን አገጭ በእጃቸው ቀና አደረጉና እንትፍ እንትፍ አሉባት። የዋንጫው ወተት ዞረ። ሌሎቹም በየተራ መጡ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ተቀበለች፤ ፊቷንም አልጠረገችም። ምርቃት አይጠረግም።

ይህን ስጽፍ ጉንጬ ላይ እርጥብ ነገር ያረፈብኝ ይመስለኛል። እናቴ አክብሮት ብላ ፊቷን ሳትጠርግ መቀመጧን ሳስብ፣ አደይ በበሩ በኩል ጥርሷን ነክሳ ማየቷን ሳስብ።

ሳምንት ሳይሞላ እናቴን ራስ ምታትና ድካም ያዛት። «የመጨረሻው ወር ከባድ ነው» አለች። አደይ ከገበያ ስትመለስ እንደ ልማዷ አጥሩ ጋ ቆማ «ልግባ?» አለች።

«ግቢ እንጂ» አለች እናቴ።

አደይ ቆመች። ከዚያ ገባች፤ እጇ ገና አልታጠበም፣ እስከ ክርኗ ቅቤ ነው። ፍራሹ አጠገብ ተንበረከከች። እናቴ አፍንጫዋን አልያዘችም። አደይ ወጥታ ከዕቃዋ መሃል «እፍ» ያለችውን፣ ለቆዳ ፋቂ የምትሸጠውን የከረመ ቅቤ በቅጠል ይዛ ተመለሰች። እኔ ከበሩ ሆኜ አፍንጫዬን ያዝኩ። እሷ ግን ለእናቴ አፍንጫዋ ስር አደረገችላት።

«መዲና፣ ይሄ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«በደንብ ሳቢው።»

«ምንም አይልም እታለም። ውሃ ነው እንዴ?»

የአደይን ፊት ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከንፈሯ አልተነሳም፤ ወረደ። «ተነሺ» አለች። «ልብስ አቀብያት አንቺ ልጅ። ባጃጅ ልጥራ።»

ሆስፒታል ናሙና ወሰዱላት። ውጤቱ ሲመጣ እሱ ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን ማሳል ጀመረች፤ በማግስቱ ትንፋሽ አጠራት፤ በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰዷት። ሐኪሙ ለአደይና ለአክስቴ ለዘሐራ እንዲህ አላቸው፦ «ይሄ በሽታ እርጉዝ ላይ ይበረታል። የምትተነፍሰው ለሁለት ነው፤ ሳንባዋ ሲደክም ሁለቱም ይደክማሉ። ካልተሻላት ልጁን ያለጊዜው እናወጣዋለን። አንድ አስታማሚ ይግባ፤ የገባ ግን እስኪያልቅ አይወጣም።»

አክስቴ ዘሐራ የእናቴ ታናሽ ናት። «እኔ የሚጠቡ ልጆች አሉኝ» አለችና አለቀሰች።

«ማን ሂጂ አለሽ» አለች አደይ። «የእኔ ልጅ አግብታለች። አንቺ ይቺን ልጅ ይዘሽ እቤት ግቢ።» ይቺ ልጅ እኔ ነኝ። ኩባያዋን በነጠላዋ ቋጥራ ገባች፤ የሰው ንፍጥ አይታ ምሳዋን የምትተው ሴት።

አክስቴን አልቀየማትም። ፍርሃት ይገባኛል። ያልገባኝ፣ እስከ ዛሬም የማይገባኝ፣ ሰፈሩ ነው። ቦኖ ውሃ ለመቅዳት ጀሪካኔን ተራ ሳስይዝ በእንጨት እየገፉ ከሰልፉ አወጡት፤ በእጃቸው እንኳ አልነኩትም። እናቴን የመረቁት እነዚያው ሴቶች ናቸው። ቤታችን ደጃፍ ሲደርሱ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ማዶ ይሻገራሉ። እመት ከድጃ ጉንፋናቸው ለቋቸው አንድ ቀን በበራችን ሲያልፉ እትፍ አሉ፤ መሬት ላይ። እኔ መስኮቱ ላይ ነበርኩ። ያው አፍ ነው። ያው ምራቅ ነው። መጀመሪያ ለእናቴ ፊት፣ ቀጥሎ ለእናቴ ደጃፍ።

በኋላ ለአደይ ስነግራት፣ «ስለዚህ ነው እኔ በደረቁ የምወደው» አለች።

ሆስፒታል ውስጥ የሆነውን አላየሁም፤ እናቴና አደይ እየተቀባበሉ የነገሩኝ ነው። እናቴ ኦክሲጅን ላይ ነበረች። አጠገቧ እንደሷ እርጉዝ የሆነች የጎብዬ ሴት ተኝታለች፤ ቀን ቀን በዓይን ይጫወቱ ነበር፤ ማውራት አይችሉም። የዚያችን ሴት ልጅ አወጡት፤ ልጁ ተረፈ፤ እሷ አልተመለሰችም። አልጋው ሲነሳ እናቴ አየች። ከዚያ ተራው የእሷ ሆነ።

ነኢማ በቀዶ ጥገና ወጣች፤ ጊዜዋ ሳይደርስ፣ የመዳፍ ያህል ሆና። ልጅቷን መረመሯት፤ በሽታው አልያዛትም። ግን ሙቀት ትፈልጋለች፤ የሰው ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ መዋል አለባት። እናቴ ራሷን መሸከም አትችልም። ነርሷ ዞር ብላ አደይን አየቻት።

«የሰው ልጅ ታቅፌ አላውቅም» አለች አደይ።

«ይሄ የሰው ልጅ ነው እንዴ? ድመት ነው የሚያክለው» አለች ነርሷ።

አደይ እስከ ትከሻዋ ታጠበች፣ ጭንብሏን አጥብቃ አሰረች፣ ነኢማንም ደረቷ ላይ በሻሽ አሰሩላት። እዚያ ዋለች፣ እዚያ አደረች። እናቴ ትንሽ ሲሻላት አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ እጇን በሳሙና አሽታ ጡቷን ትሰጣታለች፤ እንደገና ወደ አደይ ደረት።

እናቴ አጥንቷ ቀርቶ እቤት የገባች ዕለት አክስቴ ዘሐራ የአራስ ወግ ልታደርስ አንድ ቅል ቅቤ ይዛ ጠበቀቻት። ለእናቴ ገንፎ አልነበረም። ለነኢማ ነበር። እኛ አገር አዲስ የተወለደ ልጅ አንጀቱ ይለስልስ ተብሎ ለጋ ቅቤ ያስውጡታል። አሁን ደግሞ ሰበብ ተገኘ።

«ወተቷ በሽታ አለበት» አለች አክስቴ። «እስክትድን ልጅቷ ቅቤና የስኳር ውሃ ትያዝ።»

እመት ከድጃም መጥተዋል፤ ግቢው በር ላይ፣ አፍንጫቸውን ሸፍነው። «እውነቷን ነው። የታመመ ጡት ለአራስ ሕፃን? አረ ኩነኔ።»

እናቴ ነኢማን አጥብቃ ይዛ ወደ አደይ ብቻ አየች።

«ወተቱ ምንም የለበትም» አለች አደይ። «ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። የሚፈራው ትንፋሽና እጅ ነው፤ ለእሱ ጭንብልና ሳሙና አለ። ዘሐራ፣ ቅቤ ውስጥ ምን እንዳለ ግን እኔን ጠይቂኝ። የላም ፀጉር አለ። የዝንብ ክንፍ አለ። እጇን ያልታጠበች ሴት ጥፍር ስር የነበረው ሁሉ አለ። ክብደት እንዲጨምር የገባ ሙዝ አለ። አዋቂ አንጥሮ ይበላዋል። ይቺ ገና አንጀቷ አልጠናም።»

«ስንቱ ልጅ ቅቤ ውጦ አድጓል» አሉ እመት ከድጃ ከበሩ።

«ያላደጉትንስ ማን ቆጠራቸው?»

ግን አክስቴ ቅሉን አላስቀመጠችም። «ይሄ ለጋ ነው። ከዋጃ፣ ከማውቃት ሴት ነው ያስመጣሁት» አለች፤ ጣቷንም ልትነክርበት ነው። አደይ እጇን ዘረጋች። «አምጪው» አለች። ሹል እንጨቷን ከነጠላዋ አወጣች፣ ቅቤው መሃል ሰካች፣ አወጣች። ዓይኗን ጨፈነች። አፍንጫዋ ስር አሳለፈችው። ሁላችንም ከንፈሯን ነው የምናየው።

ተነሳ።

«እፍ» አለች።

አክስቴ ቅሉን እንደ እባብ ከራሷ አራቀችው። እመት ከድጃም «እንግዲያስ ይቅር» አሉ። ኮቦ ውስጥ በዚያ «እፍ» ላይ ይግባኝ የሚል ሰው አልተፈጠረም። ነኢማ ጡት ጠባች፤ እስክትጠግብ፣ እናቷ ጭንብሏን እንዳደረገች።

ሰዉ ሲሄድ አደይ አጥሩ ጥግ ጠራችኝ። «ቅቤው ምን ይላል? ሂጂና አሽትተሽ ነይ» አለችኝ።

አሸተትኩ። ገና ትኩስ ወተት የሚል፣ ትንሽ የወይራ ጭስ ያለበት፣ ደስ የሚል ቅቤ ነበር። ነገርኳት።

«ጠርጥሬ ነበር» አለች። «እኔ ምንም አልሸተተኝም።»

ለካ ሆስፒታል ሳሉ አንድ ጠዋት ነኢማ ደረቷ ላይ እንደታሰረች ካካ አለች። ሻሹን አልፎ ወደ ሆዷ ወረደ። አደይ ያወቀችው ነርሷ አፍንጫዋን ይዛ «ኧረ እትየ፣ ምን ሆነው ነው ዝም የሚሉት?» ስትላት ነው። ሲመረምሯት እሷንም ይዟታል። ሳል እንኳ አልነበራትም፤ ጭንብሏም ሌሊትም ቀንም ከፊቷ አልወረደም ነበርና ልጅቷ ተረፈች። የሄደው አፍንጫዋ ብቻ ነው። «ልጅ ደረቴ ላይ ተጸዳድታ አልቀፈፈኝም» አለችኝ። «ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።»

በሕይወቷ የዋሸችው «እፍ» ያቺ አንዷ ናት፤ እኔ እስከማውቀው።

ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን አፍንጫዋ እኔ ሆንኩ። ሹል እንጨቱን እሷ ሰክታ ታወጣለች፣ እኔ አሸታለሁ። ነጋዴዎቹ «አደይ እፍ አፍንጫ ቀጠረች» እያሉ ይስቁብናል። መጀመሪያ «ይሸታል»፣ «አይሸትም» ነበር የምላት። ተቆጣችኝ። «ይሸታል ቃል አይደለም። ድንጋይም ይሸታል። ምን ምን ይላል? እኔ እንዲሸተኝ አድርገሽ ንገሪኝ።» ስለዚህ መፈለግ ጀመርኩ። ዝናብ የመታው የበግ ቆዳ። ልጅ እጁ ላይ ይዞ የዋለው ሳንቲም። ለረዥም ጊዜ ያልተከፈተ ሣጥን። ያደረ ጥርስ። ልክ ስሆን ከንፈሯ ይነሳል፤ ሳይሸታት፣ ከቃሉ ብቻ። መምህሬ ይሄን የት ተማርሽ ሲለኝ ቅቤ ተራ አልኩት፤ የቀለድኩ መሰለው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ኮቦ ያየችውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም። ሲያልፍ አደይ ልጇ ወዳለችበት ወደ ጎብዬ ሄደች፤ ልጇ መንገዱ ዳር ሻይ ቤት አላት። እዚያ እያለች አፍንጫዋ ተመለሰ። ግን ተበላሽቶ ተመለሰ። ሁሉም ነገር የተቃጠለ ጎማና የሞተ አይጥ ይሸታት ጀመር፤ ሳሙናው፣ ዳቦው፣ ሎሚው፣ የገዛ ነጠላዋ። ሐኪም «አፍንጫሽ መንገዱን እየፈለገ ነው፤ ታገሺ» አላት። ከሳች። ድሮ መጠየፍ ኩራቷ ነበር፤ አሁን እስር ቤቷ ሆነ። እኛን መጠየቅም ተወች። እናቴ በስልክ «ምን በደልንሽ እታለም፣ ነኢማ እኮ እየጠየቀችሽ ነው» ብትላት፣ አንድ ቀን ብቻ እውነቱን ተናገረች።

«ያቺን ልጅ ደረቴ ላይ ይዤ ሽታዋን አላውቀውም። የሕፃን ራስ ምን እንደሚል ሰው ሁሉ ያወራል፤ እኔ አልደረሰኝም። አሁን ብመጣ አይጥ አይጥ ትለኛለች። እሷ እንድትገማኝ አልፈልግም። ሌላው ሁሉ ይግማ።»

ለዚህ ነው እናቴ ለአንድ ቆሻሻ ጨርቅ አልሐምዱሊላህ ያለችው።

ዛሬ ረፋድ ላይ በሚኒባስ መጣች። ከአጥሩ ውጭ ቆማ «ልግባ?» አለች። እናቴ ከውስጥ፣ «ከደጅ ቁሚ እታለም፤ ቅቤሽ ቀድሞሽ ገባ» አለቻት፣ አደይ ቅቤ ሳትይዝ። ሁለቱም መሳቅ አልቻሉም።

ነኢማ ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ላይ ስትንከባለል ነበር። ስጠራት እየሮጠች መጥታ ይቺን ረዥም ሴት አይታ እኔ ኋላ ተደበቀች። አደይ ተንበረከከች። ደፍራ አልጠራቻትም፤ እጇን ብቻ ዘረጋች። ነኢማ ቀስ ብላ ሄደች። አደይ ዓይኗን ጨፈነች፤ ልክ ገበያ ላይ እንደምታደርገው፤ አፍንጫዋንም የልጅቷ ፀጉር ውስጥ አስገባች። እናቴ እጄን ጨብጣ ይዛኝ ነበር፤ ጥፍሯ ገብቷል።

ከንፈሯ ተነሳ።

«እፍ» አለች አደይ። «ላብ ላብ። አፈር። የከረመ የፀጉር ቅቤ። አንቺ መዲና፣ ይቺን ልጅ አታጥቢያትም እንዴ?»

ግን አልለቀቀቻትም። ነኢማ «አሳመምሽኝ፣ ልቀቂኝ» እስክትል ድረስ እዚያው ፀጉሯ ውስጥ ቆየች፤ አንዴ ሳይሆን እየደጋገመች እየሳበች።

አሁን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ የራሷን ኩባያ ይዛ ሻይ እየጠጣች ነው። «ምን ትጽፊያለሽ?» አለችኝ። «አንቺን» አልኳት። «እንግዲያው ለሚያነቡት እንዲህ በይልኝ» አለች። ያለችውን ሳልቀንስ አስተላልፋለሁ።

በሚቀጥለው ገበያ ቅቤ ተራ፣ የድሮ ቦታዋ ላይ ትቀመጣለች። የምትጠራጠሩት ቅቤ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ በነፃ ታሸትላችኋለች። ቤታችሁ እርጉዝ ወይ አራስ ካለች እሷንም ንገሯት፤ ቅቤው ለእናቲቱ ገንፎ ነው እንጂ ለልጁ አፍ አይደለም። ኩባያችሁን ይዛችሁ ኑ። መመረቅ የምትፈልጉም ኑ፣ ዱበርቲዎቹም ኑ፣ እመት ከድጃም ቢሆኑ ይምጡ። ሳል ያለበት ግን ራቅ ብሎ ይቁም።

ከደጅም ይመረቃል።